አስር ሚሊ ዋት

ሥራዬ የተቀዳ ንግግር ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። ሰዎች በስልክ የተቀዳ ድምፅ ይልኩልኛል፤ እኔ እያዳመጥኩ ቃል በቃል እጽፋለሁ። አብዛኛው ሥራ የሚመጣልኝ ለቡ ቢሮ ካላት አንዲት ጠበቃ ነበር። ጠበቃዋ የቤተሰብ ጠብን ፍርድ ቤት ከማድረስ በሽምግልና መጨረስ ትወዳለች። የሁለቱንም ወገን ቃል ቦታው ድረስ ሄዳ በስልኳ ትቀዳለች፤ እኔ የጻፍኩት ታትሞ ለሁለቱም ይሰጣል፤ ከዚያ ተሰብስበው በወረቀቱ ላይ ይነጋገራሉ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው የሰውየው ቃል ነው ተብሎ ይታመናል። እኔም ይህንኑ አምን ነበር።

የምሠራው ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤታችን ነው። የምኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። እሷ የአንድ ትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ስለምትሠራ ጠዋት ወጥታ ከሰዓት በኋላ ነው የምትመለሰው። እስክትመጣ ድረስ መስኮቱ ሥር ላፕቶፔን ከፍቼ፣ ስልኬን አጠገቡ አስቀምጬ፣ ኢርፎኔን ሰክቼ እቀመጣለሁ። በጆሮዬ እኮራ ነበር። ሰው ሲያወራ ትንፋሹን የት እንደወሰደ፣ ሊናገር አስቦ የት እንደተወው ይሰማኛል። ጠበቃዋ አንድ ጊዜ፣ እኔ የጻፍኩትን ስታነብ ሰዎቹ ፊቷ የተቀመጡ እንደሚመስላት ነግራኝ ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው የድሮው ኢርፎኔ ግራው ሲሞት ነው። ከሕንፃችን ጀርባ ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ሄድኩ። የስልክ ሽፋን፣ ቻርጀርና ኢርፎን የምትሸጥ ፈገግተኛ ሴት ነበረች። ድምፁ ደከም ያለ ቅጂ እንደማዳምጥ፣ ስለዚህ ጠንካራ እንደምፈልግ ነገርኳት። አንድ ጥቁር ካርቶን አወጣችልኝና ጀርባው ላይ ያለውን በጣቷ አሳየችኝ፤ አንድ ሺህ ሚሊ ዋት ይላል። ከዚህ በላይ የሚጮህ እሷ ጋ እንደሌለ አረጋገጠችልኝ። ከሥሩ በደቃቁ ሌላ ቁጥር ነበር፤ ሴንሲቲቪቲ ዘጠና አምስት ዲሲቤል። እሷም አላነበበችው፣ እኔም አልጠየቅኩም። አንድ ሺህ የሚለው በቂ ነበር።

ቤት ገብቼ ስሰካው ድምፁ ሩቅ ነው። የስልኩን ድምፅ ጫፍ ድረስ ከፍ አደረግኩ፤ አሁንም ሰዎቹ ከግድግዳ ማዶ የሚያወሩ ይመስላሉ። አንድ ሺህ የተባለ ነገር እንዲህ መድከሙ ስላልገባኝ ብልሽት ነው ብዬ ሳምንት ሳይሞላው መለስኩት። ሴትየዋ ሳታንገራግር በሌላ ቀየረችልኝ። ሁለተኛው ነጭ ካርቶን ነበር። ጀርባው ላይ አስር ሚሊ ዋት ይላል። አስር ብቻ። ሴንሲቲቪቲው አንድ መቶ አስራ አምስት ነበር፤ እሱን ግን ያየሁት ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

ያን ዕለት የታየኝ አስሩ ነው። ከአንድ ሺህ ወደ አስር መውረዴ ስለሆነ፣ ይህኛው ለስላሳ ነው፣ ጆሮም አይጎዳም ብዬ ደመደምኩ። ጎዳ አልጎዳ የሚለው ራሱ ብዙም አላሳሰበኝም። እንዳልኩት፣ ጆሮዬን አምነው ነበር።

የስልኩ ድምፅ ጫፍ ላይ እንደነበረ ሰካሁት። የመጀመሪያው ቃል ሲመጣ ደንግጬ ከወንበሬ ተነሳሁ። ሁለት እርከን ቀነስኩና እንደገና ተቀመጥኩ። ድምፁ ጥርት ያለ፣ ቅርብ ነበር፤ የተናጋሪው ምራቅ ሲዋጥ እንኳ ይሰማኛል። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ጫፉ መለስኩት። ስልኩ በዚህ ከፍታ ለረጅም ጊዜ ማዳመጥ የመስማት ችሎታን ሊጎዳ እንደሚችል ጽፎ አስጠነቀቀኝ። እሺ የሚለውን ተጫንኩ። ከዚያ በኋላም ማስጠንቀቂያው በመጣ ቁጥር ሳላነበው እጫናለሁ። በቀን አምስት ስድስት ሰዓት፣ ለሰባት ወር ያህል እንዲህ ሠራሁ።

ምልክቶቹ አንድ በአንድ መጡ። መጀመሪያ ሥራ ጨርሼ ኢርፎኑን ስነቅል ጆሮዬ ጥጥ የተጠቀጠቀበት ያህል ይደፈን ነበር። ጠዋት ስነሳ ስለሚከፈትልኝ ድካም ነው አልኩ። ቀጥሎ ቀጭን ጩኸት መጣ፤ ቴሌቪዥን ድምፁ ተዘግቶ መብራቱ ብቻ ሲቀር እንደሚሰማው ዓይነት። ከፍሪጁ ነው ብዬ ሶኬቱን ነቀልኩ፤ ጩኸቱ ቀጠለ። ከጎረቤት ነው ብዬ በረንዳ ላይ ወጣሁ፤ እዚያም አለ። ተመልሼ ገብቼ ፍሪጁን ሰካሁና ስለዚህ ነገር ለማንም ሳልናገር ሥራዬን ቀጠልኩ።

አንድ ቀን እህቴ ስትመጣ ኩሽናው በእንፋሎት ተሞልቶ አገኘችው። ውሃ ሲፈላ የሚያፏጭ ማንቆርቆሪያ አለን፤ ጥጄው ውሃው ሊያልቅ ደርሷል። እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ፣ ያውም ያለ ኢርፎን፣ ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር። እሳቱን አጥፍታ ማንቆርቆሪያውን እያየች ለረጅም ጊዜ ቆመች። ሐሳብ ወስዶኝ ነው አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ሰዎች ሁሉ ማጉተምተምና ቃላቸውን መዋጥ የጀመሩ መሰለኝ። ታክሲ ላይ ረዳቱ ጀሞ ሦስት ይበል ጀሞ ሁለት አይለየኝም። የሱቁ ሰው የሚያወራው ወደ ደረቱ ነው። እህቴን በተለይ ተቆጣኋት፤ ጥርሷን ነክሳ እንዳታወራኝ፣ አፏን ከፍታ እንድትናገር ደጋግሜ ነገርኳት። እሷም አንድ ቀን ማዕድ ላይ ሳለን ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ «እኔ የማወራው እንደ ድሮው ነው» አለችኝ። ይህን በደንብ ሰማሁት። ምን ማለቷ እንደሆነም ገብቶኛል። ሰሃኔን አንስቼ ወደ ኩሽና ሄድኩ።

የፉሪው ሽማግሌ ቅጂ የደረሰኝ ያን ሰሞን ነው።

ሽማግሌው የፉሪ ነባር ገበሬ ናቸው። ዙሪያቸው ቤት በቤት ሆኖ ጥቂት መሬት ብቻ ነው የቀራቸው፤ ጠርዙ ላይ ታላቅ ወንድማቸው በሕይወት ሳሉ የተከሏቸው ባሕር ዛፎች ነበሩ። ወንድማቸው ከሞቱ በኋላ የወንድማቸው ልጅ፣ ጎልማሳ ነጋዴ ነው፣ ዛፎቹ የአባቴ ናቸው አለ። ሽማግሌው ደግሞ ገዝቻቸዋለሁ አሉ። ወረቀት የለም፤ ወንድማማቾች ናቸው፣ በቃል ነው የተነጋገሩት። ጠበቃዋ የሽማግሌውን ቃል የቀዳችው እዚያው ዛፎቹ ሥር ቆማ ነው፤ ነፋሱ ቅጠሉን ሲያንሿሿ ይሰማል። መሐል ላይ ሽማግሌው ወንድማቸው ሳይታመሙ በፊት ዛፎቹን ለማን እንዳደረጉ ተናገሩ። እኔም እንዲህ ጻፍኩ፤ «ወንድሜ ዛፎቹን የሰጠው ለእኔ ነው።»

ቢያንስ ተጠራጥሬ ነበር ብል ደስ ባለኝ። አልተጠራጠርኩም። ወደ ኋላ መልሼ እንኳ አልሰማሁትም። ጽፌ ጨረስኩ፣ ላክሁ፣ ምሳዬን በላሁ።

አስር ቀን ያህል ቆይቶ ጠበቃዋ ደወለች። ፉሪ ሽማግሌው ቤት እንዳለች፣ ወዲያው እንድመጣ፣ ስልክ ላይ እንደማታስረዳኝ ነገረችኝ። ድምፅዋ ቁጡ አልነበረም፤ ይህ ይበልጥ አስፈራኝ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ሰባቱን ወር ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ያ ቀጭን ጩኸትም ከእኔ ጋር ተሳፍሯል፤ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ይሰማኛል።

ቦታው ስደርስ ዛፎቹ ተቆርጠዋል። ግንዱ ሁሉ መሬት ላይ ተጋድሟል፤ ቅርፊቱ አልደረቀም፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ግቢው ውስጥ ጠበቃዋ፣ ሽማግሌው፣ የወንድማቸው ልጅና ሁለት አስታራቂዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጠበቃዋ ነገሩን አስረዳችኝ። ወረቀቱ ሲደርሰው የወንድም ልጅ፣ አጎቴ ራሳቸው «የሰጠው» ብለው አምነዋል፣ አባቴ እንዲጠብቋቸው ነው የሰጣቸው፣ መግዛት የሚባል ነገር የለም ብሎ ስብሰባውን ሳይጠብቅ ዛፎቹን አስቆረጠ። ዛሬ ወረቀቱ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሽማግሌው እኔ እንዲህ አላልኩም አሉ።

ጠበቃዋ ቅጂውን በትንሽ ስፒከር ከፈተችው። ነፋሱ መጣ፣ የሽማግሌው ድምፅ መጣ፣ ዓረፍተ ነገሩ አለፈ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«‹የሰጠው› ነው የሚለው» አልኩ።

ጠበቃዋ መልሳ ከፈተችው፤ እኔም ያንኑ ሰማሁ። ያኔ የወንድም ልጅ አንገቱን ደፋ። ቃሉ እንደጻፍኩት ቢሆን የሚጠቀመው እሱ ነው። እሱ ግን መሬት መሬት እያየ እንዲህ አለ፤ «‹የሸጠው› ነው የሚሉት። እኔ ወረቀቱን አነበብኩ እንጂ ድምፁን እስከ ዛሬ አልሰማሁም ነበር።»

ጠበቃዋ ተነስታ አጠገቤ መጣች። ወረቀቱን አፏ ላይ ጋርዳ ሁለት ቃል እንደምትናገርና የቱ እንደሆነ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ተናገረች። ሰጠ፣ አልኩ። እንደገና ተናገረች። ሰጠ፣ አልኩ። ወረቀቱን ስታወርድ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ሁለተኛው ሸጠ ነበር። ሦስተኛ እንድትሞክር ለመንኳት፤ ሞከረች። አሁንም የሰማሁት ሰጠ ነው።

የሠራሁት ጥፋት በሙሉ ዓይኔ ፊት ተጋድሟል። ሽማግሌው ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። በዝግታ ተነስተው መጡና ፊታቸውን እንዳየው አድርገው ቆሙ፤ ከንፈራቸውን እንዳነብ መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው።

«ባሕር ዛፍ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ልጄ» አሉኝ። «የአንቺ ጆሮ ግን ይመለሳል?»

አላውቅም አልኳቸው።

ግንዱ ለሽማግሌው እንዲሆን፣ የወንድም ልጅም ይቅርታ እንዲጠይቅ በዚያው ዕለት ተስማሙ። ጉልበታቸው ላይ ወድቆ ሲስም አየሁ። ሽማግሌው አነሱት፤ ሲያነሱት ግን ሌላ ቦታ እያዩ ነበር። ከዚያ በኋላ ቤታቸው እንዳልረገጠ ጠበቃዋ ነግራኛለች።

በማግስቱ ምድር ቤት የሚኖሩትን ጎረቤታችንን ሄጄ አንኳኳሁ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአዳራሽና በመድረክ ላይ የድምፅ ባለሙያ ነበሩ፤ አንዱ ጆሯቸው ላይ የመስሚያ መሣሪያ አላቸው። ሁለተኛውን ካርቶን ይዤላቸው ሄድኩ፤ የመጀመሪያው ጀርባ ላይ የነበረውን ደግሞ ወደ ባለሱቋ ሴትዮ ተመልሼ ከሌላ ካርቶን ላይ ፎቶ አንስቼዋለሁ። መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱንም ጎን ለጎን አነበቡ።

«የትኛው ነው ኃይለኛው መሰለሽ?» አሉኝ።

አንድ ሺሁ መስሎኝ እንደነበር ነገርኳቸው።

እንደ ተማሪ ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። ሚሊ ዋት ተብሎ የተጻፈው ኢርፎኑ ሳይቃጠል የሚችለው የኤሌክትሪክ ጉልበት ልክ ነው፤ እንዴት እንደሚጮህ አይናገርም። አንድ ሺህ ይችላል ማለት አንድ ሺህ ያገኛል ማለት አይደለም፤ ስልክ የሚሰጠው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። የሚጮኸውን የሚናገረው ያ ደቃቁ ቁጥር ነው። ሴንሲቲቪቲ ማለት አንድ ሚሊ ዋት ስትሰጪው ስንት ዲሲቤል ያወጣል ማለት ነው። ሁለቱም ካርቶን ላይ ኦሙ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የሚቋቋሙበት ልክ፣ እኩል ሠላሳ ሁለት ስለሆነ ከአንድ ስልክ የሚወስዱት ጉልበት ተመሳሳይ ነው፤ በዚያው ጉልበት ግን አንዱ ዘጠና አምስት፣ ሌላው አንድ መቶ አስራ አምስት ያወጣል።

ልዩነቱ ሃያ ብቻ ነው አልኳቸው። ከሰባት ወር በፊት ብሰማው ኖሮ ሃያ ምንም አይመስለኝም ነበር።

«ዲሲቤል እንደ ብር አይቆጠርም» አሉ። «አስር በጨመረ ቁጥር የድምፁ ጉልበት አስር እጥፍ ነው። ሃያ ማለት መቶ እጥፍ ነው። ለአንቺ አራት እጥፍ ያህል የጮኸ ነው የሚመስልሽ፤ ጆሮሽ ላይ የሚያርፈው ግን መቶ እጥፍ ነው። አንቺ ደግሞ ለደካማው የከፈትሽውን ሳትቀንሺ ነው ለኃይለኛው የሰጠሽው።»

ሁለት እርከን ቀንሼ ነበር አልኩ። ከዚያስ ብለው ጠየቁኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁና ስለራሳቸው አወሩልኝ። መጀመሪያ የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ሰ፣ ሸ፣ ፈ። ወፍራሙ ስለሚቀር ሰው ሲያወራ ይሰማሻል፤ ስለዚህ ምንም የጎደለ አይመስልሽም። የጎደለውን ጭንቅላት ከራሱ ይሞላዋል። እሳቸው ይህን ያወቁት ከተሞላ አዳራሽ ፊት የማይክሮፎን ፉጨት ሰው ጆሮውን እስኪይዝ ድረስ ሲጮህ እሳቸው ሳይሰሙት ቀርተው ነው።

ሐኪም ቤት የመስማት ምርመራ አደረግኩ። ትንሽ ክፍል ውስጥ አስገብተው ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቁልፍ እንድጫን ነገሩኝ። ብዙ ጊዜ እጄ ቁልፉ ላይ ሆኖ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። መስታወቱ ማዶ ያለችው ባለሙያ እየሠራች እንደሆነ አያለሁ፤ ወደ እኔ ግን ምንም አይመጣም፤ ያ የራሴ ጩኸት ብቻ ነው ያለው። ሐኪሙ ያሳየኝ ወረቀት ላይ መስመሩ እስከ መሐል ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ከዚያ ይወድቃል። የሞተው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን መጠበቅ እንደሚቻል ነገረኝ። ጩኸቱስ ብዬ ጠየቅኩት። ብዙ ሰው ይለምደዋል አለኝ።

ሥራውን አቆምኩ። የጻፍኩት ግን አልቆመም። የሰባት ወር ጽሑፍ በሰዎች እጅ ነው፤ በእሱ ላይ ተስማምተዋል፣ ፈርመዋል፣ ተለያይተዋል፣ ታርቀዋል። ጠበቃዋ ቅጂዎቹን ሁሉ መልሳ ላከችልኝ። እኔ ላርመው አልችልም፤ የተሳሳትኩበት ቃል ዛሬም ትክክል ሆኖ ነው የሚሰማኝ። ስለዚህ እህቴ ከሥራ ስትመለስ በስፒከር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋ ታዳምጣለች፤ እኔ የጻፍኩትን በጣቴ እየተከተልኩ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ልዩነት ካለ እጇን ታነሳለች። እስካሁን አስራ አንድ ቅጂ ጨርሰናል። አራት ቦታ ላይ አንስታለች። ሦስቱ ምንም የማያመጡ ናቸው።

አራተኛው የአንዲት ሴት ነው። ከባሏ ጋር ለማስታረቅ የተቀዳ ነበር፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ቁጥብ ሴት ናት። እኔ የጻፍኩት፣ «ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያ ቤት ውስጥ ስሠራ ኖርኩ» ይላል። ስጽፈው ለቤቷ የደከመች ታታሪ ሴት ናት ብዬ ማሰቤ ትዝ ይለኛል። ወረቀቱን ያነበቡት አስታራቂዎችም እንደዚያው አስበው ይሆናል። ቃሏ ታትሞ እንድታጸድቀው ሲሰጣት ለምን ዝም እንዳለች አላውቅም፤ ማንበብ ትችል እንደሆነም አላውቅም። ታርቀው ወደ ቤቷ ተመልሳለች።

እህቴ እጇን አንስታ ስልኩን አቆመችው። መልሳ ሰማችው። ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ፣ እንዳነበው አፏን ከፍታ፣ ቃሉን ቀስ አድርጋ ተናገረችው።

«ስፈራ።»

ወዲያው ለጠበቃዋ ደወልን። ሴትየዋ የሰጠችው ስልክ ዝግ ነው። ጠበቃዋ በማግስቱ ባልና ሚስቱ ለቡ ይኖሩበት የነበረው ድረስ ሄደች፤ የተከራዩት ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ገብቷል። ጎረቤቶቹ ባልና ሚስቱ ዕቃቸውን ጭነው ከወጡ ወር እንዳለፋቸው፣ ወዴት እንደሄዱ ግን እንደማያውቁ ነገሯት። አንዲት ጎረቤት ሴትየዋ ስትሄድ እንዳልተሰናበተቻት ጨምራ ተናግራለች። ጠበቃዋ አሁንም እየፈለገቻት ነው። እኔና እህቴም አስራ ሁለተኛውን ቅጂ ትናንት ጀምረናል።